የሳይንስ ዲግሪና የሰብአዊ ትምህርቶች፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርቶች የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የሚሰጠውን የአንድ ዓመት የጋራ ትምህርት እንደገና ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ወይም ሌላ የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ለማጥናት የሚገባ ወጣት ወደ ሙያው ከመዝለቁ በፊት ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ ጋር ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ ጠቅላላ ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ፣ የግብረ ገብና የዜግነት ትምህርት ይማራል። በሌሎች አገሮች ሊበራል አርትስ በሚል ስም የሚታወቁትን እነዚህን የቋንቋ፣ የታሪክ፣ የፍልስፍናና የኅብረተሰብ ጥናት ዘርፎች ይህ ጽሑፍ በአንድነት «የሰብአዊ ትምህርቶች» ይላቸዋል።

የሳይንስ ተማሪ የሰብአዊ ትምህርት ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለው ክርክር በዚህ ውሳኔ በመሠረቱ የተዘጋ ይመስላል። ያልተዘጋው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሁለቱ የትምህርት ዓይነቶች በአንድ ተማሪ አእምሮ ውስጥ እንዴት ይገናኛሉ የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጋራ ትምህርቱን አደረጃጀት ከዚህ ጥያቄ አንጻር መመርመር ነው። የሚደረስበትም ድምዳሜ ባጭሩ ሲገለጽ፣ የሰብአዊ ትምህርቶችን ከሳይንሱ በፊት በአንድ ዓመት አጭቆ መስጠት ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ እንጂ ማዋሐድ አይደለም የሚል ነው። ድሩና ማጉ በየፊናቸው ተጠቅልለው ቢቀመጡ ጋቢ አይሆኑም።

ከዛሬው በፊት የነበረው

የጋራ ትምህርት ለኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት እንግዳ ነገር አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል በሆኑት በካናዳዊው በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲደራጅ የኪነ ጥበባትና የሳይንስ ትምህርቶች በአንድ ግቢ ውስጥ ይሰጡ ነበር። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተጠቃለለ በኋላም የመጀመሪያው ዓመት ተማሪው ለሙያ ትምህርቱ የሚዘጋጅበት ጊዜ ሆኖ ቆይቷል። ከዚህም ሌላ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ያስገድድ ስለነበር፣ አብዛኞቹም በመምህርነት ይመደቡ ስለነበር፣ የሳይንስ ተማሪው ከመጽሐፍ ያገኘውን ዕውቀት ከሕዝቡ ኑሮ ጋር የሚያስተያይበት ዕድል ነበረው። የአገልግሎቱ አፈጻጸም አያሌ ችግሮች ቢኖሩበትም ጊዜው ተገቢ ነበር፤ ተማሪው ወደ ገጠር የሚወርደው የሚያስተምረው ሙያ በእጁ ከገባ በኋላ ነበርና።

በደርግ ዘመን የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ፍልስፍናና የፖለቲካ ኢኮኖሚ ትምህርቶች ለሳይንስ ተማሪዎችም በግዴታ ይሰጡ ነበር። ከዚህ የሚቀሰመው ትምህርት የትምህርቶቹን ይዘት ብቻ የሚመለከት አይደለም። ተማሪው ከሙያው ጋር ሳያገናዝብ እንዲቀበለው ብቻ የሚቀርብለት ትምህርት ለፈተና ይሸመደዳል፤ ሥርዓቱ ሲለወጥም አብሮ ይረሳል። ይህ ማስጠንቀቂያ ዛሬ ለሚሰጥ ማናቸውም የግዴታ ትምህርት ያገለግላል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የ11ኛንና የ12ኛን ክፍል ለከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ አደረገ። የዩኒቨርሲቲው አንደኛ ዓመት ትምህርት ወደ መሰናዶው ተዛወረ ተብሎ ስለታመነም በ1990ዎቹ አጋማሽ የብዙዎቹ የዲግሪ መርሐ ግብሮች ዕድሜ ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ነገር ግን ወደ መሰናዶው የወረደው ትምህርት በዚያው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የተፈጥሮ ሳይንስ የመረጠ ተማሪ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ታሪክንና ጂኦግራፊን ይሰናበታል፤ የኅብረተሰብ ሳይንስ የመረጠውም ፊዚክስንና ባዮሎጂን እንደዚሁ። በመሆኑም ዝውውሩ የጋራውን ትምህርት ወደ ታች አወረደው ከማለት ይልቅ አስቀረው ማለት ይቀላል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ 70 የሚሆነው ተማሪ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ እንዲመደብ ሲወሰን ደግሞ በዚህ መንገድ የሚያልፈው ወጣት ቁጥር እጅግ በዛ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ለውይይት የቀረበው የትምህርት ልማት ፍኖተ ካርታ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት እንዲመለስ ሐሳብ ያቀረበው ይህንን ጉድለት በማየት ነው።

የጋራ ትምህርቱ መልካም ጎን

ሂስ ሚዛናዊ ይሆን ዘንድ አስቀድሞ ለመልካሙ ተገቢው ሥፍራ ሊሰጠው ያሻል። አንደኛ፣ ከልዩ ልዩ ክልል የመጣ ወጣት በአንድ ክፍል ተቀምጦ የአገሩን ታሪክ፣ መልክዓ ምድርና የሕዝቦቿን አኗኗር ከሌላው ጋር በጋራ እንዲያጠና ማድረጉ በራሱ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሁለተኛ፣ የትምህርት ክፍል ምርጫው መዘግየቱ ተማሪው በስሚ ስሚ ከመምረጥ እንዲድን ይረዳዋል። ሦስተኛ፣ ለትምህርቶቹ በአገር አቀፍ ደረጃ መማሪያ ጥራዞች መዘጋጀታቸው አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከነባሮቹ ጋር በተቀራረበ ይዘት እንዲያስተምሩ አስችሏል።

የትምህርቶቹም ምርጫ ቢሆን ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። የሎጂኩ ጥራዝ ከፍልስፍና ምንነት ተነሥቶ ስለ መከራከሪያ ሐሳብ አወቃቀር፣ ስለ ቋንቋና ፍቺ፣ ስለ ሂሳዊ አስተሳሰብና ስለ ስሕተተኛ አመክንዮ ዓይነቶች ያስተምራል። የአንትሮፖሎጂው ጥራዝ ስለ ባህል፣ ስለ ጋብቻና ዝምድና ካወሳ በኋላ ለአገር በቀል ዕውቀት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቷል። እንግዲህ ችግሩ የሚነሣው ከተመረጠው ትምህርት አይደለም። የሚነሣው ከሦስት ነገሮች ነው፤ ከጊዜው፣ ከምሳሌውና ከመመዘኛው።

ስለ ጊዜው

አንድ የእንዶድ ታሪክ የጊዜውን ጉዳይ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጥ ይገልጸዋል። በ1957 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያን በሽታ ለማጥናት ወደ ዓድዋ በሄዱበት ወቅት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ባለው ወራጅ ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያ ተውሳክ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሕይወቱን አንድ ክፍል በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሚያሳልፍ፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር የበሽታውን መተላለፊያ ሊቆርጥ ይችላል። በቤተ ሙከራ ሲመረመርም የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ተረጋገጠ። ዶክተር አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ተውሳኩንና ቀንድ አውጣውን የሚመለከተው ክፍል የሳይንስ ነው። ነገር ግን የልብስ አጠባውን ልማድ ቁም ነገር ብሎ መመልከት፣ ሴቶቹ የሚያውቁትን ነገር እንደ ዕውቀት መቀበል፣ ከዚያም «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ የሌላ ዓይነት ሥልጠና ፍሬ ነው። በሌላ በኩል ግኝቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ለማግኘት ረጅም ዓመታት መውሰዱ፣ የምርምር ገንዘብ፣ የሥልጣንና የአገሮች አቅም ጥያቄ ከኬሚስትሪው ተለይቶ የማይታይ መሆኑን ያሳያል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በወንዙ ዳር ያዩትን ነገር ትርጉም የሰጠው አስቀድሞ በአእምሮ ውስጥ የነበረው የተውሳክ ዕውቀት መሆኑ ነው። ዓይኑና ዕውቀቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ።

አሁን ያለው አደረጃጀት ይህንን መገናኘት አያመቻችም። ተማሪው ስለ አገር በቀል ዕውቀት የሚያነበው ገና የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ በቅጡ ሳይለምድ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት የመድኃኒት ዕፀዋትን ንጥረ ነገር ማውጣት ሲጀምር ደግሞ የአንትሮፖሎጂው መምህር አጠገቡ የለም፤ ጥራዙም ከተረሳ ሰንብቷል። ዕፁን ያመጣው አዋቂ ማን ነው? ዕውቀቱ የማን ነው? ከግኝቱ ጥቅም ቢገኝ ለማን ይገባል? እነዚህ ጥያቄዎች በአንደኛ ዓመት ሲቀርቡ የቃላት ጥያቄዎች ናቸው፤ በአራተኛ ዓመት ግን የሥራ ጥያቄዎች ይሆናሉ። መርሐ ግብሩ ጥያቄውን የሚያነሣው ተማሪው ሊመልሰው በማይችልበት ጊዜ፣ የሚተወውም ሊመልሰው በሚገባው ጊዜ ነው።

ስለ ምሳሌው

ሁለተኛው ችግር የሰብአዊ ትምህርቶቹ ለሁሉም ተማሪ በአንድ ዓይነት ምሳሌ መሰጠታቸው ነው። የሎጂክ ትምህርት የተሳሳተ መንስኤ የሚባለውን ስሕተት ያስተምራል፤ ይኸውም አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ ስለመጣ ብቻ የፊተኛው የኋለኛው ምክንያት ነው ብሎ መደምደም ነው። ተማሪው የስሕተቱን ስም አጥንቶ በቀረበለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለይቶ ማውጣትን ይለማመዳል። ይህ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ይኸው ተማሪ ከሦስት ዓመት በኋላ «አዲሱ ማዳበሪያ በተጨመረበት ማሳ ምርቱ ጨምሯል፤ ስለዚህ ማዳበሪያው ውጤታማ ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ በዚያ ዓመት ዝናሙ ከቀድሞው የተሻለ እንደነበረ፣ ማዳበሪያ ያልተጨመረበት ማሳም አብሮ መለካት እንደነበረበት ላያስተውል ይችላል። ስሕተቱን በስም የሚያውቀውን ያህል በገዛ ሥራው ውስጥ አያውቀውም። ሎጂኩን ያስተማረው መምህር የማሳውን ሙከራ አላየም፤ የማሳውን ሙከራ የሚያርመውም መምህር ሎጂክ የሌላ ክፍል ሥራ ይመስለዋል።

ሳይንስንና ሰብአዊ ትምህርትን በአንድ ምሳሌ ማገናኘት ሩቅ አገር መሄድን አይጠይቅም። የባሕረ ሐሳብ ስሌት ለሒሳብ ተማሪ የሚሆን የታወቀ ምሳሌ ነው። የጋራ ትምህርቱ የተመለሰበት 2012 ዓመተ ምሕረት ቢወሰድ፣ 5500 ሲደመርበት 7512 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ቁጥር ለ19 ሲካፈል 7 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 6 ይቀራል፤ ይህም ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 66፣ በ30 ሲገደፍ 6 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። በ19 ተባዝቶ 114፣ በ30 ሲገደፍ 24 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ ማባዣዎቹ 11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ስለሆኑ ነው። ተማሪው ይህንን ሲያረጋግጥ የቁጥር ቲዎሪን አንድ መሠረታዊ ትምህርት ይለማመዳል። እግረ መንገዱንም የጨረቃና የፀሐይ ዑደት በየ19 ዓመቱ እንዴት እንደሚገናኝ፣ ሊቃውንቱ አጽዋማትንና በዓላትን ለመወሰን ይህንን ስሌት ለምን እንደፈለጉ፣ ስሌቱም በምን ዓይነት ትምህርት ቤት ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደተላለፈ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ሒሳቡ ለታሪክ፣ ታሪኩም ለሒሳብ ጌጥ አልሆነም፤ አንዱ ያለ ሌላው አይገባም። የጋራ ትምህርቱ ለሳይንስ ተማሪ የሚያስፈልገው የዚህ ዓይነት ምሳሌ ነው።

ስለ መመዘኛው

ሦስተኛው ችግር ከምዘና ጋር የተያያዘ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው የሚያተኩረው በሙያው ዋና ዋና ትምህርቶች ላይ ስለሆነ፣ የአንደኛው ዓመት የሰብአዊ ትምህርቶች በመውጫው በር ላይ ጠያቂ የላቸውም። ይህ በራሱ ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም፤ የሙያ ፈተና ሙያን መመዘኑ ተገቢ ነው። ሆኖም መምህራን ሁሉ እንደሚያውቁት፣ ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው። ተማሪው በመጨረሻ የማይጠየቀውን ትምህርት በመጀመሪያ ዓመት አልፎ የሚሄደው እንደ ኬላ ነው፤ ኬላውን ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ አይመለከትም።

መፍትሔው ግን ስለ አንትሮፖሎጂ ወይም ስለ ታሪክ የሚጠይቁ የምርጫ ጥያቄዎችን በሙያ ፈተናው ላይ መጨመር አይደለም። ይህ ሽምደዳን ከአንደኛ ዓመት ወደ መጨረሻው ዓመት ከማዛወር የተለየ ፋይዳ የለውም። መመዘን ያለበት የሁለቱ መገናኘት ነው። ለዚህም አመቺው ሥፍራ የመመረቂያ ጽሑፉና የመስክ ልምምዱ እንጂ የፈተና ወረቀቱ አይደለም።

ከሌላ አገር የሚገኝ አንድ ማነጻጸሪያ

በአሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በኬሚካል ምሕንድስና መምህሩ በዋረን ሉዊስ ይመራ የነበረው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1949 ያቀረበውን ሪፖርት ተከትሎ በ1950 የሰብአዊና የኅብረተሰብ ጥናት ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ በዚህ ተቋም ማንኛውም የሳይንስ ወይም የምሕንድስና ተማሪ ለመመረቅ ስምንት የሰብአዊ፣ የኪነ ጥበብና የኅብረተሰብ ሳይንስ ትምህርቶችን መውሰድ ይኖርበታል። ከእነዚህም ሦስት ወይም አራቱ በአንድ በተመረጠ ዘርፍ ላይ ያተኩራሉ። ስምንት ትምህርት በአራት ዓመት ሲካፈል በየሴሚስተሩ አንድ ገደማ ይደርሳል። የጽሑፍና የንግግር ችሎታም በሰብአዊ ትምህርቶች ብቻ ሳይሆን በራሱ በሙያው ትምህርቶች ውስጥ እንዲሰጥ ተደንግጓል፤ የፊዚክስ ተማሪ ስለ ፊዚክስ መጻፍን የሚማረው በፊዚክስ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው።

የዚያን ተቋም ሀብትና የመምህር ብዛት ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ማነጻጸር ከንቱ ድካም ነው። ለንጽጽር የቀረበው ሀብቱ ሳይሆን አደላደሉ ነው። ትምህርቶቹ በመጀመሪያው ዓመት አልተከመሩም፤ ከሳይንሱ ጋር አብረው ያድጋሉ፤ ተማሪውም በአንዱ ዘርፍ ጠለቅ እንዲል ይጠበቃል። ይህ አደላደል ተጨማሪ ሕንፃም ሆነ ተጨማሪ የትምህርት ሰዓት አይጠይቅም፤ ያለውን በሌላ ቅደም ተከተል ማስቀመጥን ነው የሚጠይቀው።

ምን ቢደረግ ይበጃል?

ከዚህ በላይ ከተገለጹት ችግሮች በመነሣት አራት ማሻሻያዎችን ማሰብ ይቻላል።

ሀ/ ከአንደኛው ዓመት የጋራ ትምህርቶች ቢያንስ ሁለቱ ለሳይንስ ተማሪዎች ወደ ላይኞቹ ዓመታት ቢዛወሩ። ሶሻል አንትሮፖሎጂ ከመስክ ልምምድ በፊት ባለው ሴሚስተር፣ የሎጂክ ትምህርት ስለ አመክንዮ ስሕተት የሚያስተምረው ክፍል ደግሞ ከምርምር ዘዴ ትምህርት ጋር ቢሰጥ የተሻለ ፍሬ ያፈራል።

ለ/ ለእያንዳንዱ የሳይንስ ዘርፍ አንድ የሳይንስና አንድ የሰብአዊ ትምህርት መምህር በጥምረት የሚያዘጋጁት አነስተኛ የመልመጃ መጽሐፍ ቢኖር። የጋራው ጥራዝ እንዳለ ሆኖ ምሳሌው ከተማሪው ሙያ ይወሰዳል።

ሐ/ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ምዕራፍ ለሦስት ጥያቄዎች መልስ እንዲሰጥበት ቢደረግ፤ ጥናቱ የማንን ችግር ይመለከታል? ውጤቱ ማንን ይጠቅማል፣ ማንንስ ሊጎዳ ይችላል? ጥናቱ ለተካሄደበት ሕዝብ በራሱ ቋንቋ እንዴት ይገለጻል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሚሆነው በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ የሁለት ገጽ ማብራሪያ ነው። በእንግሊዝኛ የተማረውን ሳይንስ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሌላው ቋንቋ ማስረዳት ያልቻለ ምሩቅ ዕውቀቱ ሙሉ ነው ለማለት ያዳግታል።

መ/ ለዚህ ምዕራፍ የሚሰጠው ነጥብ በመመረቂያው አጠቃላይ ውጤት ውስጥ ትርጉም ያለው ድርሻ እንዲኖረው ቢወሰን።

በእነዚህ ሐሳቦች ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የሳይንስ ዲግሪ ትምህርት አሁንም ተጣብቧል የሚል ነው። መልሱ የትምህርቶቹ ቁጥር አይጨምርም፤ የሚለወጠው ቦታቸው ነው የሚል ይሆናል። እንዲያውም ከመጀመሪያው ዓመት ሁለት ትምህርቶች ሲነሡ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ደካማ ሆነው ለሚገቡ ተማሪዎች የተሻለ ጊዜ ይገኛል። ሁለተኛው የሳይንስ መምህራን ለዚህ ሥራ አልሠለጠኑም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ መልመጃውን በጥምረት ማዘጋጀት ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ትምህርቶቹ ከአንድ ዓመት ወጥተው ከተበተኑ በአገር አቀፍ ደረጃ የተገኘው ወጥነት ይላላል፤ በየትምህርት ክፍሉ ቸል ሊባሉም ይችላሉ የሚል ነው። ይህ ሥጋት መሠረት አለው። ስለሆነም ታሪክ፣ ጂኦግራፊና የዜግነት ትምህርት በመጀመሪያው ዓመት በጋራ መሰጠታቸውን እንዲቀጥሉ፣ ዝውውሩም በተመረጡት ሁለት ትምህርቶች እንዲወሰንና በጥቂት የትምህርት ክፍሎች ተሞክሮ ውጤቱ እንዲታይ ማድረግ ይበጃል።

ለመምህራን ማሠልጠኛ ያለው ትርጉም

ጉዳዩ የዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚያስተምር አንድ የሳይንስ መምህርን ያስብ። አካባቢው ቢልሃርዚያ ያለበት ነው። መምህሩ የተውሳኩን የሕይወት ዑደት በሰሌዳው ላይ አሳምሮ ይሥላል፤ ተማሪዎቹም ሥዕሉን ገልብጠው በፈተና ይመልሱታል። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ግን ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ፤ ይዋኛሉ፤ ውኃ ይቀዳሉ፤ ልብስ ያጥባሉ። «ወደ ውኃው አትግቡ» የሚል ምክር ሌላ ውኃ ለሌለው ቤተሰብ ምክር አይሆንም። ልጆቹ ወደ ውኃው የሚወርዱት በምን ሰዓትና ለምን ሥራ ነው? ከቤቱ ውስጥ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? እናቶች ስለ በሽታው ምን ያምናሉ? ይህንን መጠየቅና መስማት የሚያውቅ መምህር ትምህርቱን ከልጆቹ ሕይወት ጋር ያገናኛል፤ ምናልባትም ከጤና ጣቢያው ባለሙያ ጋር ተመካክሮ ጠቃሚ ሥራ ይሠራል። መጠየቅ ያልለመደው ግን ትክክለኛ ሥዕል ሥሎ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የልጆች ጤና ነው።

የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በዚህ ረገድ ከዩኒቨርሲቲዎች ቀድመው መጀመር ይችላሉ። መጠናቸው አነስተኛ ነው፤ የሳይንስና የቋንቋ መምህራኑ በአንድ የመምህራን ክፍል ይገናኛሉ፤ እጩ መምህራኑም በልምምድ ትምህርት ወቅት ከተማሪና ከወላጅ ጋር ይውላሉ። በልምምዱ ማብቂያ የሚቀርበው ሪፖርት አንድ የሳይንስ ርእስ በአካባቢው ኑሮና በአካባቢው ቋንቋ እንዴት እንደቀረበ እንዲያሳይ ቢጠየቅ፣ ለሙከራው የሚሆን በቂ መነሻ ይገኛል። የተሞክሮው ውጤት በጎም ሆነ መጥፎ ለዩኒቨርሲቲዎቹ የሚያገለግል ማስረጃ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የ2012 ዓ.ም. ውሳኔ ለሁለት ተከፍሎ ለኖረው ትምህርት ድልድይ ለመሥራት የተደረገ ተገቢ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ድልድዩ የተሠራው ወንዙ በማይገኝበት ሥፍራ፣ ማለትም ተማሪው ገና ሳይንሱን ባልያዘበት ዓመት ላይ ነው። ሰብአዊ ትምህርት ለሳይንስ ተማሪ መግቢያ ብቻ ሆኖ ከቀረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ ቀደሙት የግዴታ ትምህርቶች ሊረሳ፣ «አላስፈላጊ ነው» ተብሎም እንደገና ሊቀር ይችላል። ከሙያው ጋር እየተቀናጀ እስከ ምረቃ ከዘለቀ ግን ምሩቁ የሚሠራውን የሚያውቅ ብቻ ሳይሆን ለማን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ይሆናል። የሥርዓተ ትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የጋራ ትምህርቱን ሲያሻሽሉ «ስንት ትምህርት ይሰጥ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «መቼ፣ በምን ምሳሌና በምን መመዘኛ?» የሚለውን ሊያስቀድሙ ይገባል።